የውሃዋ እመቤት የቀጠረችው ዓመት

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ትልቋ ልጄ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ። ጠዋት ሁለት ማንኪያ ሾርባ። ከሰዓት ምንም።

ነርሱ ወረቀቱ ላይ ሦስት ብሎ ጻፈ። ሁለት ነው አልኩት። «እማማ፣ አንዷ አገጯ ላይ ቀርታለች፤ እሷንም ቆጥሬያት ነው» አለኝ። እንድስቅለት ፈልጎ ነበር። አልሳቅኩም። የእሱ ልጅ አይደለችም።

ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አራት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮት፣ በረኪና የጠጣ ወለል። አንሶላውን ዳሰስኩት። በደንብ አልተለቀለቀም። ሳሙናው ውስጡ ቀርቷል። ዕድሜዬን ሙሉ አንሶላ ያጠበ ሰው ሌላ ምን ያያል?

ይህ ደብተር ከማታ ትምህርት የተረፈኝ ነው። ግማሹ ባዶ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ሥራ ገባሁ። ቀርቼ ምን ላደርግ። ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ አብራኝ የምትተኩሰውን ሴት ካውያ እንላታለን፤ ከእጇ ይልቅ ምላሷ ነው የሚያቃጥለው።

«ልጅሽ ምን ሆና ነው?»

«ደክሟት ነው።»

«እኔም እኮ ደክሞኛል። ግን ማን አልጋ ሰጠኝ?» አለች። ከጀርባዬ ለሌላዋ ደግሞ፣ «መጽሐፍ አብዝታ ነው። ጭንቅላት እንደ ቁም ሳጥን ነው፣ ሲያጭቁት በሩ አይዘጋም» ስትል ሰማሁ።

ይበሉ። እዚህ ላውንደሪ ማሽኑ አጥቦ፣ ማሽኑ ጨምቆ ይሰጣቸዋል። ያኔ እኔ ብቻዬን የሆቴል አንሶላ በግቢዬ አጥብ ነበር። ከመሬት እኩል የሆነ የሲሚንቶ ገንዳ ነበረኝ፣ ለማለቅለቂያ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከሰል ላለመጨረስ ቀትር ላይ ክዳን ሳንቃዎቹን አንስቼ ፀሐይ አስገባለሁ። ከሰዓት ስመለስ ለብ ብሎ ይጠብቀኛል። ይህን ብልሃት ማንም አላስተማረኝም።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ሐኪሟ ቢሮዋ ጠራችኝ። የአእምሮ ሐኪም ናት፣ ገና ፊቷ ላይ ብጉር ያልጠፋላት። ጠረጴዛዋ ላይ የትልቋ መጽሐፍ ነበር። ትልቋ የምትሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት ለልጆች አንድ ተረት ጽፋ አሳትመውላታል። ሃያ አራት ገጽ፣ ከነሥዕሉ።

«ልጅዎ ከዚህ ተረት ሌላ ምንም አታወራኝም። ማን ነው የነገራት?»

«የድሮ ተረት ነው። እናቴ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ» አልኩ። ምላሴ አልተደናቀፈም።

ደስ አላት። እንዲህ ያለ ተረት የሌለው አገር የለም አለች። ውሃ ባለበት ሁሉ ከውሃው ሥር የምትኖር፣ ልጅ የናፈቃት ሴት አለች። ሰው ሊሸከመው ያልቻለው ነገር ሲደርስበት ፊትና እጅ ይሰጠዋል፣ ታሪክ ያደርገዋል። «ትኩስ ድስት በባዶ እጅ አይነሳም እማማ። ተረት ጨርቁ ማለት ነው።»

«ጨርቁ ራሱ ከተቃጠለስ?»

ጻፈችው። እኔ የምለውን ሰው ሲጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አላለኝም።

ስሄድ ደግሞ፣ «ልጅዎ ለምንድን ነው ማንንም በስሙ የማትጠራው? እኔን ‹ዶክተር›፣ ጎኗ የተኛችውን ‹የመስኮቷ› ነው የምትላት» አለችኝ። በእኛ ቤት ስም አይጠራም አልኳት። ትልቋ፣ ትንሿ፣ አባትየው። ልማድ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ሰኔ 14

ምንም አልበላችም። ጉሉኮስ ተሰክቶላታል። ክንዷ የመወልወያ እንጨት አክሏል። ዝናብ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ዛሬ ሥራ ቀደም ብሎ አለቀ። መብራት ስለሌለ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ሰው ሁሉ በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ ፊደል መቁጠርሽ ምን ሊበጅሽ ነው ይለኝ ነበር። ካውያ፣ «መቃብርሽ ላይ የሚጻፈውን አርመሽ ልትሞቺ ነው?» ብላኛለች። ዕውቀት ናፍቆኝ አልነበረም። የልጄ መጽሐፍ ታትሞ መጣ፤ ሰዉ «ምን ዓይነት ውብ ተረት ነው» እያለ እጄን ይጨብጠኛል፤ እኔ ግን ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። አንብቢልኝ ብላት ታነበው ነበር። ፈራሁ። ፊቴን እያየች እንድታነብልኝ አልፈለግኩም።

አራት የትምህርት ዘመን ፈጀብኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ገጽ ይዤ ስታገል ዋልኩ። እንዲህ ይላል፦

«በአንድ ግቢ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ትልቋ ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች። ትንሿ ተደበቀች። ትልቋ ውሃው ዳር ቆማ ስሟን ጠራች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጅ የሌላት የውሃዋ እመቤት ከታች ሰማች። ‹የኔን ነው የምትጠራው› አለችና እጇን ዘረጋች።»

ሥዕሉ ላይ ትልቋ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ቃሉን መልሳ ልትውጥ የምትሞክር ትመስላለች።

እናትየዋ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለችው። ገበያ ሄዳለች ይላል። ገበያ አልነበረም፤ አንሶላ ላደርስ ሆቴል ነበር የሄድኩት።

ካነበብኩት ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ «ሥዕሉ ያምራል» ብቻ ነው ያልኳት።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ዛሬ ተናገረች። ፀጉሯን እያበጠርኩላት ነበር።

«እማ፣ ዓመቱ አለቀ።»

«የምን ዓመት?»

«ያልሽኝ። የኔን ዕድሜ ስታክዪ የውሃዋ እመቤት ትንሿን ትመልስልሻለች ብለሽኝ ነበር። አንቺ ያኔ ሠላሳ አምስት ነበርሽ። እኔ ግንቦት ላይ ሠላሳ አምስቴን ጨረስኩ። የመጨረሻዋን ቀን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።»

ማበጠሪያውን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

«እንደማይሆን አውቃለሁ» አለች። «የተማርኩ ሰው ነኝ። ግን የሚያውቀውና የሚጠብቀው ሰው አንድ አይደለም፣ እማ። ደግሞ እኔ ስለሆንኩ የጠራኋት፣ ሳልጠብቅ መብላት ነውር መሰለኝ።»

ያን ዓመት የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቷ ነበር፣ «መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ለሰባት ዓመት ልጅ የዓለም መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ ትረሳዋለች አልኩ። እኔ ራሴ እዚያ የምደርስ አልመሰለኝም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፉ ላይ የቆመችው ግን እሷ ናት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

የማታ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ወጥቷል፤ ቤቱ ሁሉ መጽሐፍ ነው፣ አንድ ወንበር ለማግኘት አሥር መጽሐፍ ማንሳት ነበረብኝ። ተረትና ውሸት ልዩነታቸው ምንድን ነው አልኩት።

«ፈተና ልትቀመጪ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ውሸት ባለቤት አለው፤ አንድ ሰው አለ የሚጠቀምበት። ተረት ባለቤት የለውም። ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ባለቤቱ ይጠፋና የሁሉም ይሆናል። ለዚህ ነው ደራሲዎች ከሱ የሚቀዱት፤ የሁሉም ስለሆነ እያንዳንዱ የራሱን ፊት ያይበታል።»

«ባለቤቱ ካልሞተስ? ቁጭ ብሎ እያየ ከሆነስ?»

መነጽሩን ጠረገ። «ተራኪው ሲጨርስ ‹ተረቴን መልሱ› ይላል» አለ። «ለምን መልሱ እንደሚል አስበሽ ታውቂያለሽ? ለሰው ጥለውት የሚሄዱት ነገር ስላልሆነ ይመስለኛል።»

እሱ የሚመስለውን ይምሰለው። እስከ በሩ ሸኘኝ፤ «ምን አጠፋሽ?» ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ለእሱ እነግረው ነበር። ለሌላ ሰው መንገር ይቀላል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

በአፍንጫዋ ቱቦ ሊያስገቡላት ነው። ሐኪሟ እንድፈርም ወረቀት ሰጠችኝ። ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ። ድሮ ቢሆን አውራ ጣቴን ነበር የምሰጠው። ድሮ ይሻል ነበር፤ ጣት የሚፈርመውን አያነብም። «ታማሚዋ ለሕይወቷ አስጊ በሆነ ሁኔታ» ይላል።

«እማማ፣ ልጅዎ አንድ ነገር ነው የሚበላት። እኔ ስሟን ባልጠራ ኖሮ ትላለች። እኔ ሳንቃውን ባላነሳ ኖሮ ደግሞ ትላለች። የቱ ነው የሆነው?»

«ሕፃን ነበረች። ምን ታስታውሳለች» አልኩ።

ሐኪሟ በደንብ አየችኝ። አላመነችኝም መሰለኝ። አላውቅም። ወረቀቱን መልሼላት ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

እሷ ሳንቃ አላነሳችም።

ሳንቃውን ማን እንዳነሳው ከዚህ በፊት ጽፌያለሁ። ገልጬ አየሁት። ሰኔ 5 ላይ አለ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነግሮኛል።

ዓርብ፣ ሐምሌ 19

ልነግራት ሄጄ ነበር። ቱቦው አፍንጫዋ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። አጠገቧ ተቀምጬ የትራስ ልብሷን አወለቅሁ፣ ቤት ወስጄ አጥቤ ተኩሼ ከሰዓት መለስኩ። ይኸው ነው ያደረግኩት። ፈሪ።

የመስኮቷ፣ «እንዳንቺ ዓይነት እናት ያላት የታደለች ናት» አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

ነገርኳት። እንደሆነው ልጻፈው። ካሁን በኋላ ድፍረቱ አይኖረኝም።

ቀትር ነበር። የመስኮቷን ለመታጠቢያ ወስደዋታል፤ ሁለቱ አልጋዎች ባዶ ናቸው። በሩን ዘጋሁ።

«ስሚኝ። የውሃዋ እመቤት የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ገንዳውን ክፍት አድርጌ የሄድኩት እኔ ነኝ። ውሃው እንዲሞቅልኝ። ትንሿን ጠብቂ አልኩሽ እንጂ ክዳኑን እንዳነሳሁ አልነገርኩሽም። ስም ብትጠሪ ባትጠሪ ለውጥ የለውም። አንቺ ስትቆጥሪ ገብታለች።»

ጣሪያውን አየች። ከዚያ በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «አይደለም» አለችኝ። «ሳንቃዎቹ ቦታቸው ነበሩ። አንዷ ብቻ ነበረች ገለል ያለችው። አባዬ ‹ይቺን ማን ነው ያነሳት?› ሲል አስታውሳለሁ። እኔን አየኝ። እኔ ነኝ ያነሳኋት። የእንጨቱ ክብደት ራሱ እጄ ላይ አለ።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። የተናገርኩት ለእናት በቂ ነበር፤ ሰው ይቅር ይለዋል። አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ አላውቅም፤ ደግነት አልነበረም።

«አልነካሻትም» አልኳት። «ካወጣኋት በኋላ፣ አባትሽ ከመምጣቱ በፊት፣ ሳንቃዎቹን የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አንዷን ብቻ ገለል አድርጌ ተውኳት። ልጆች ያነሷት እንድትመስል። ጎረቤት ከመጥራቴ በፊት ነው። ልጄ መሬት ላይ ተኝታ ሳንቃ እደረድር ነበር።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት። አባትየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቋን ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። ሲሞት እንኳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባት። አየሁ። ዝም አልኩ። አንድ ቃል ብናገር እኔን ነበር የማያየኝ።

«ቀብሯን ለምን አላሳያችሁኝም?» አለች።

«አክስትሽ ዘንድ ሰደድንሽ። ስትመለሺ ነው ተረቱን የነገርኩሽ። ‹ጠራኋት፣ አልመጣችም› እያልሽ ስታለቅሺ ያንኑ ይዤ ሠራሁት። ያጠፋሁት እኔ እንዳልሆን። ግን ደግሞ… የሆነ ቦታ አለች እንድትዪ።»

«አዎ» አለች። «የሆነ ቦታ ነበረች።»

ሐኪሟ ብትኖር የምትለው ይኖራት ነበር። እኔ እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። አላወጣችውም፤ አልያዘችኝምም።

«እማ፣ ጥፋቱን ከኔ ላይ አነሳሽልኝ። እሺ። ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ታች አንዲት ሴት ፀጉሯን ታበጥርላት ነበር። ብርድ ሲሆን ታለብሳት ነበር። አሁን ማን አለ? ማንም የለም። አንቺ መጥተሽ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ወሰድሽብኝ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ…»

«ውጪልኝ፣ እማ።»

በቁጣ አይደለም። ደክሟት ነው። ወጣሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ይህንኑ እየደጋገምኩ ነው ቤት የደረስኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 26

በረኛው አላሳልፍም አለኝ። ስሜን ወረቀት ላይ አይቶ፣ «እርስዎ እንዳይገቡ ተብሏል፣ እናቴ» አለ። ማነው ያለው አልኩት። «ታማሚዋ ራሷ።»

ሐኪሟ ታች ወርዳ አናገረችኝ። እውነቱን መንገሬ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ደግሞ እሷ ራሷ ባለችበት፣ አብረን ሆነን፣ ቀስ በቀስ ብነግራት ይሻል ነበር አለች። ተረቱ ልጅቷን ገደል ላይም አቁሟታል፣ ገደል ውስጥ እንዳትወድቅም ይዟታል፤ ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሲነቀል በቀስታ ነው አለች።

«ድስቱን ሳያሳርፉ ጨርቁን ማን ይነጥቃል ነው የምትይኝ?»

«እንደዚያ አላልኩም እማማ።»

«በይው ግድ የለም።»

ብጉሯ ላይ ዱቄት ተቀብታለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ምናልባት እንቅልፍ አጥታ ይሆናል። ላዝንላት አልፈለግኩም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 30

ካውያ ሰምታለች። ማን እንደነገራት እንጃ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ምላሷን ናፈቅኩት። ሊዘጋ ሲል ብቻ፣ የእኔን ድርሻ ሸሚዞች ጎትታ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደችና መተኮስ ጀመረች። «ሂጂ ተኚ» አለች። «ነገም ይኸው ሸሚዝ ነው።»

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

ቱቦው ወጥቷል። ነርሱ በር ላይ ነገረኝ። በራሷ እጅ ነው የምትበላው። ግማሽ ሳህን። ያጠብኩትን ልብስ ተቀብሎኝ የቆሸሸውን አመጣልኝ። ቤት ወስጄ ሳልነክረው ፊቴ ላይ አድርጌው ተቀመጥኩ። የሆስፒታል ሳሙና ነው የሚሸተው። የእሷ ጠረን የለበትም።

እንዳጥብላት ፈቀደችልኝ ብዬ ደስ ይበለኝ፣ ወይስ የማጥበው እኔ መሆኔን አታውቅም?

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ዛሬ ሙሉ ሳህን በልታለች። ነርሱ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ፤ እኔው ራሴ አነበብኩት። ለሁለት ወር ያንን ቃል ለማንበብ ነበር የምመጣው። ሳነበው አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም።

በሚመጣው ሳምንት ትወጣለች። ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ክፍል ሰጥተዋታል።

ነርሱ ዝናቡ እስኪያባራ ከበሩ መጠለያ ሥር አብሮኝ ቆመ። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ ወሬ ጀመረልኝ።

«ማታ ማታ ለክፍሏ ሰዎች ተረት ትነግራለች፣ አያምኑኝም። የመስኮቷ እንኳን ክኒኗን የምትውጠው ተረቱ እንዲጀመር ነው። አዲስ አድርጋዋለች፤ እንደ መጽሐፉ አይደለም።»

«እንዴት ነው አዲሱ?»

«ሁለት እህትማማቾች ናቸው። ትንሿ ውሃ ውስጥ ትኖራለች፣ ትልቋ ዳሩ ላይ። ማንም ማንንም አልወሰደም። ትልቋ በየቀኑ መጥታ የዋለችበትን ትነግራታለች። ትንሿ ትሰማታለች እንጂ አትወጣም፤ ትልቋም ውጪ አትላትም። ደስ ይላል እኮ፤ እኔ ራሴ ተረኛ ባልሆንም እቆያለሁ።»

«የውሃዋ እመቤትስ?»

«እሷ የለችም።»

ዝናቡ ቀለል አለ። ልሄድ ነበር። ከዚያ ግን ጠየቅኩት።

«እናትየዋስ?»

አሰበ፤ የእውነት አሰበ። መልካም ልጅ ነው፣ ሊዋሸኝ አልፈለገም።

«እናት የላቸውም፣ እማማ።»

ልብሱን ተቀብዬው መጣሁ። አሁን ነክሬዋለሁ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ የትራስ ልብስ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ እንዳለ አጥብበታለሁ።